ሰርቨርን በጽሑፍ መትከል፣ ያለ ይለፍ ቃል መግባት

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ በጦርነቱ ውስጥ ባሳለፈቻቸው ወራት፣ በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል። የጠፋውንና የተሰበረውን መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እኛ የምናነሣው ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ጥያቄ ነው። አዳዲስ ሰርቨሮች ከነካርቶናቸው ወደ አንድ ባዶ ክፍል ቢደርሱ፣ ቀድሞ የነበረውን ሥርዓት እንደነበረ መልሶ ለማቆም ምን ያስፈልጋል? ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል። ሊኑክስ ያለ ክፍያ ይገኛል። በገንዘብ የማይገኘው፣ የቀድሞው ሰርቨር እንዴት ተዋቅሮ እንደነበር የሚያውቅ ዕውቀት ነው።

ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የሚቀመጠው በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ባለሙያው ከማሽኑ ፊት ተቀምጦ ፍላሹን ይሰካል፤ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሰዓት ቀጠናው፣ ስለ ዲስኩ አከፋፈል፣ ስለ ኔትወርክ አድራሻው፣ ስለ ተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃል እየተጠየቀ ይመልሳል፤ ከዚያም የሚያስፈልጉትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ ይጭናል። ከሁለት ዓመት በኋላ የትኛውን ጥያቄ እንዴት እንደመለሰ ብንጠይቀው በእርግጠኝነት አይነግረንም። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ከሆነማ የምንጠይቀውም የለም።

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጉዳዮችን እንመለከታለን። የመጀመሪያው ሰርቨርን ያለ ሰው እጅ የመትከል ዘዴ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያለ ይለፍ ቃል፣ በቁልፍ ብቻ፣ ከሩቅ ወደ ሰርቨር የመግባት ዘዴ ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ሁለቱ ለየብቻ ሲቀርቡ ይታያል። በእኛ አስተያየት ግን የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው በእግሩ አይቆምም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

መልሶቹ አስቀድመው የተጻፉበት ፋይል

የሊኑክስ ተከላ ፕሮግራም ጥያቄ የሚደረድረው መልስ ስላላገኘ ነው። መልሶቹ ሁሉ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ተዘጋጅተው ከቀረቡለት አንዳች ሳይጠይቅ ሥራውን ይፈጽማል። ሬድ ሃት ይህን አሠራር ኪክስታርት፣ ዴቢያን ደግሞ ፕሪሲድ ብለው ሰይመውታል። የኡቡንቱ ሰርቨር እትም እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 20.04 ጀምሮ አውቶኢንስቶል በሚባል ስልት ይጠቀማል። የአጻጻፍ ሥርዓታቸው ይለያያል እንጂ ሐሳባቸው አንድ ነው። ፋይሉ ብዙውን ጊዜ ከአንድና ከሁለት ገጽ አይበልጥም፤ ማንም በተራ የጽሑፍ ማዘጋጃ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል። ወደ ሰው ቋንቋ ብንመልሰው የሚለው እንዲህ ነው፦ የሰዓት ቀጠናው አፍሪካ፣ አዲስ አበባ ይሁን፤ ዲስኩ በሙሉ ለአዲሱ ሥርዓት ይሰጥ፤ የርቀት መግቢያ አገልግሎቱ ይጫን፤ በዚህ ስም አንድ ተጠቃሚ ይፈጠር፤ ሲያልቅ ማሽኑ ጠፍቶ ይነሣ።

ፋይሉን በፍላሽ ማቅረብ ይቻላል። ማሽኖቹ ብዙ ሲሆኑ ግን በኔትወርክ መላክ ይመረጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ባስፋፋው ፒ ኤክስ ኢ በተባለው ስልት፣ ዲስኩ ባዶ የሆነ ኮምፒዩተር ሲበራ በኔትወርኩ ላይ «አድራሻዬ ማን ነው? ከየትስ ልነሣ?» ብሎ ይጣራል። ለዚህ የተዘጋጀ አንድ ማሽን አድራሻውንና የማስነሻውን ፋይል ቦታ ይነግረዋል። ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ ትንሽ የማስነሻ ፕሮግራም፣ ቀጥሎ የሊኑክስን እምብርት፣ ከዚያም የተከላውን ፕሮግራም፣ በመጨረሻም የመልሶቹን ፋይል እየጎተተ ይወስዳል። ለዶክትሬት ትምህርት በውጭ አገር በቆየንባቸው ዓመታት የፊዚክስ ስሌት የምንሠራባቸው ማሽኖች በዚህ መንገድ የሚተከሉ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ኪቦርድም ስክሪንም ኖሯቸው አያውቅም።

ስሌቱን በአገራችን ሁኔታ እንሥራው። 40 ኮምፒዩተሮች ያሉት ቤተ ሙከራ አለ እንበል። አንዱን በእጅ መትከል 45 ደቂቃ ቢፈጅ አርባው 30 ሰዓት፣ ማለትም አንድ ባለሙያ የአራት ቀን ያህል ሥራ ይወስዳል። አሁን ደግሞ ሁሉም ራሳቸውን ይትከሉ፤ እያንዳንዱም 2 ጊጋባይት ፕሮግራም ከኢንተርኔት ያውርድ። ጠቅላላው 80 ጊጋባይት ወይም 640 ጊጋቢት ይሆናል። የግቢው መስመር በሰከንድ 20 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ ቢሆንና ሌላ ማንም ባይጠቀምበት 32,000 ሰከንድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፕሮግራሞቹ አንድ ጊዜ ብቻ ወርደው በግቢው ውስጥ ባለ ማሽን ላይ ቢቀመጡና በሰከንድ 1 ጊጋቢት በሚያስተላልፈው የውስጥ ገመድ ቢከፋፈሉስ? 640 ሰከንድ፣ ወይም 11 ደቂቃ ያህል ነው። በተግባር የዲስኮቹ ፍጥነት ጊዜውን ያራዝመዋል፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሰዓትና የደቂቃ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ላለው ተቋም የመጀመሪያው እርምጃ የፕሮግራሞቹን ቅጂ በግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ላሉ ባለሙያዎች ግን በዚህ ቦታ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በተከላ መሐል መብራት ቢጠፋ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ማሽኑ ሲነሣ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አደገኛው ነገር ከተከላ በኋላ ያለው ነው። የኮምፒዩተሩ የመነሻ ቅደም ተከተል ኔትወርክን ከዲስክ ያስቀደመ ከሆነ፣ አስነሺው ማሽንም ለጠየቀው ሁሉ የተከላ ፕሮግራም የሚያድል ከሆነ፣ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር እያንዳንዱ ሰርቨር ዲስኩን ጠርጎ ራሱን እንደገና ይተክላል። ማንም አይጠይቀውም፤ እንዳይጠይቅ አድርገን ያዘጋጀነው እኛው ነንና። መፍትሔው አስነሺው ማሽን በመደበኛነት «ከዲስክህ ተነሣ» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ነው። የተከላ ፈቃድ በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር ለተመዘገበ ማሽን ብቻ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይሰጥ፤ ተከላው ሲያበቃም ፈቃዱ ይሰረዝ። ከዚህም በላይ ተከላው ከግቢው ኔትወርክ በተለየ ስዊች ላይ ቢከናወን፣ የአንድ ሠራተኛ የግል ኮምፒዩተር በስሕተት ወደ ተከላው እንዳይገባ ይከላከላል።

በፋይሉ ውስጥ የማይጻፈው ነገር

የመልሶቹ ፋይል አንድ ተጠቃሚ እንዲፈጠር ያዛል ብለናል። ተጠቃሚው በምን ይገባል? የተለመደው መልስ «በይለፍ ቃል» ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። የይለፍ ቃሉ በፋይሉ ከተጻፈ ፋይሉ ምሥጢር ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ፋይል በኔትወርኩ ላይ በአብዛኛው ሳይመሰጠር የሚጓዝ፣ በፍላሽ የሚዞር፣ በኢሜይል የሚላክ፣ ብዙ ጊዜም በተተከለው ማሽን ላይ ቅጂው የሚቀር ነው። የይለፍ ቃሉ እንዳለ ሳይሆን ተቀይጦ ቢጻፍም፣ ደካማ ቃል ከሆነ ማገገሚያ የለውም። ስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደላት ያሉት ቃል 26 ለስምንት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ ማለትም 209 ቢሊዮን ያህል አማራጮች አሉት። ቅይጡን በእጁ ያስገባ ሰው ቀላል በሆነ የአቀያየጥ ስልት ላይ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ግምት ቢሞክር ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሁሉንም ይጨርሳል። ዘመናዊዎቹ ስልቶች ሆን ተብለው የዘገዩ በመሆናቸው ጊዜውን ያረዝሙታል፤ ደካማውን ቃል ግን ጠንካራ አያደርጉትም።

ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ ፋይሉን ይደብቀዋል። የተደበቀ ነገር ደግሞ ቅጂው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ክፍሉ ሲዘረፍ ወይም ዲስኩ ሲቃጠል አብሮ ይጠፋል። ይህ እውነተኛ አጣብቂኝ ነው፤ ከጥፋት ለማዳን ማባዛት ይገባል፤ ከስርቆት ለማዳን ደግሞ አለማባዛት።

ከአጣብቂኙ የሚያወጣን በፋይሉ ውስጥ በይለፍ ቃል ፋንታ ይፋዊ ቁልፍ መጻፍ ነው። ይፋዊ ቁልፍ ስሙ እንደሚለው ይፋ ቢሆን ጉዳት የለውም። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ያነበበው ሰው ወደ ሰርቨሩ ለመግባት ቅንጣት አይጠቀምበትም። በዚህም ፋይሉ ምሥጢር የሌለበት ሰነድ ይሆናል፤ በወልድያ፣ በአዲስ አበባ፣ በውጭ አገር ባለ ወዳጅ ዘንድ ሳይቀር ማስቀመጥ ይቻላል። ከላይ ሁለቱ ጉዳዮች ያለ አንዱ ሌላው አይቆምም ያልነው ስለዚህ ነው።

ይሁንና ምሥጢር አለመሆን ጥበቃ አለመፈለግ አይደለም። አንድ ሰው በፋይሉ ላይ የራሱን ይፋዊ ቁልፍ በድብቅ ቢጨምር፣ ከዚያ በኋላ በሚተከሉት ማሽኖች ሁሉ ላይ የራሱን በር ከፈተ ማለት ነው። ፋይሉን ማንም ያንብበው፤ እንዳይለወጥ ግን ይጠበቅ፤ ከመጠቀማችንም በፊት በተለያየ ቦታ ያሉትን ቅጂዎች ማስተያየት ይገባል።

ማኅተሙና ቅርጹ

እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ከሩቅ ሰርቨር ጋር መነጋገሪያ የነበሩት እንደ ቴልኔት ያሉ ፕሮግራሞች የይለፍ ቃሉን እንዳለ በገመዱ ላይ ይልኩት ነበር። ይህ በወልድያ የማክሰኞ ገበያ መሐል ቆሞ የሣጥንን መክፈቻ ቦታ ለቤተሰብ በጩኸት እንደመንገር ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃሎች ሲሰረቁ የተመለከተው ተመራማሪ ታቱ ኢሎነን ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን የተመሰጠረ መገናኛ ሠራ። ዛሬ በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ በብዛት የሚሠራበት ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ነጻ ዝርያው ነው።

የኤስ ኤስ ኤች ቁልፎች ጥንድ ናቸው፦ አንዱ የግል፣ ሌላው ይፋዊ። «ቁልፍ» የሚለው ስም ለሁለቱም መሰጠቱ አንባቢን ያደናግራል ብለን እናምናለን። በመሥሪያ ቤቶቻችን ከምናውቀው ማኅተም ጋር ብናመሳስለው ይቀለናል። የግል ቁልፉ በኃላፊው መሳቢያ የሚቆለፍበት ማኅተም ነው። ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ ሁሉም ክፍሎች ለማመሳከሪያ የሚይዙት የማኅተሙ ቅርጽ ነው። ሰርቨሩ የያዘው ቅርጹን ብቻ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የወረቀቱን ማኅተም ቅርጹን አይቶ የሚያስቀርጽ አይጠፋም፤ ከይፋዊ ቁልፍ ተነሥቶ የግሉን ለመቅረጽ ግን በዛሬ ኮምፒዩተሮች አይቻልም።

የማይቻለው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን ባሳተሙት ሐሳብ መሠረት፣ በአንድ አቅጣጫ ለመሥራት ቀላል ሆነው ወደ ኋላ ለመመለስ እጅግ የሚከብዱ የሒሳብ ስሌቶች አሉ። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት የሰከንድ ቅጽበት ሥራ ነው፤ ብዜቱን ብቻ ይዞ ሁለቱን ማግኘት ግን ከባድ ነው። አሁን በሰፊው የሚመከረው ኢዲ 25519 የተባለው ዓይነት፣ በአንድ ጠማማ መስመር ላይ ያለን ነጥብ ከራሱ ጋር ደጋግሞ በመደመር ላይ የተመሠረተ ነው። ስንት ጊዜ እንደተደመረ የሚናገረው ቁጥር ከግል ቁልፉ ይወጣል፤ የተደረሰበት ነጥብ ደግሞ ይፋዊው ነው። ነጥቡን አይቶ ቁጥሩን ለማግኘት 2 ለ128 ጊዜ በራሱ ሲባዛ ከሚገኘው፣ ማለትም ከ3.4 × 10³⁸ ጋር የሚቀራረብ ሥራ ይጠይቃል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ቢሞከር ከ10²² ዓመታት በላይ ይፈጃል። የአጽናፈ ዓለሙ ዕድሜ 1.38 × 10¹⁰ ዓመት ብቻ መሆኑን እናስታውስ።

የፊዚክስ ሰዎች እንደመሆናችን ግን አንድ ነገር ሳንጨምር አናልፍም። ይህ ክብደት እንደ ኃይል ጥበቃ ሕግ ያለ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ በሒሳብም አልተረጋገጠም። ፒተር ሾር እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳየው በቂ መጠን ያለው የኳንተም ኮምፒዩተር ቢሠራ ሁለቱንም ዓይነት ስሌቶች ይፈታቸዋል። እንዲህ ያለ ማሽን እስካሁን ባይኖርም ኦፕን ኤስ ኤስ ኤች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ የንግግሩን ምሥጢር የሚጠብቀውን ክፍል ለዚያ ቀን እያዘጋጀው ነው።

ወደ ሰርቨሩ ስንገባ የሚሆነው እንግዲህ እንዲህ ነው። የእኛ ኮምፒዩተርና ሰርቨሩ በመጀመሪያ የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋሉ፤ ለዚያ አንድ ንግግር ብቻ የሚያገለግል መለያም ይስማማሉ። ኮምፒዩተራችን ይህን መለያ ከጥያቄው ጋር አድርጎ በግል ቁልፉ ይፈርምበታል። ሰርቨሩ ፊርማውን በያዘው ይፋዊ ቁልፍ ያመሳክራል፤ ከተስማማ በሩን ይከፍታል። የግል ቁልፉ ከእኛ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜም አልወጣም። ፊርማውን መሐል ላይ የጠለፈ ቢኖርም ነገ አይጠቅመውም፤ የነገው መለያ ሌላ ነውና።

«ያለ ይለፍ ቃል» የሚለው አነጋገር አንዳንድ ኃላፊዎችን ያስደነግጣል፤ በሩ ክፍት የተተወ ይመስላቸዋል። የቀረው ግን በሰርቨሩና በእኛ መካከል የነበረው የይለፍ ቃል ነው። የግል ቁልፉ ራሱ በእኛ ኮምፒዩተር ላይ ረዘም ባለ የይለፍ ሐረግ መቆለፍ አለበት። ጠዋት አንድ ጊዜ ሐረጉን ብንጽፍ ቁልፉን በማስታወሻው የሚይዝ ረዳት ፕሮግራም ቀኑን ሙሉ ያገለግለናል። በይለፍ ቃል መግባትን በሰርቨሩ ላይ ስንዘጋም፣ አስቀድመን በሌላ መስኮት በቁልፍ መግባታችንን እናረጋግጥ። አለዚያ መርሳ ግቢ ያለውን ሰርቨር ከወልድያ ሆኖ የቆለፈ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኪቦርድ መክፈት ግድ ይሆንበታል።

ዕጣው ሲበላሽ

የዚህ ሁሉ መሠረት ቁልፉ በእውነተኛ ዕጣ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ ግንቦት 2008 ድረስ በዴቢያንና በተከታዮቹ፣ ኡቡንቱን ጨምሮ፣ በተሠራጨ አንድ የምሥጠራ ፕሮግራም ላይ የተደረገ ማስተካከያ የዕጣውን ምንጭ አደረቀው። በዚያ ጊዜ የተሠሩ ቁልፎች ለአንድ የማሽን ዓይነትና የቁልፍ ርዝመት 32,768 ያህል ብቻ ሆኑ። ከላይ ያየነው ባለ 39 አኃዝ ቁጥር ወደ ባለ 5 አኃዝ ወረደ ማለት ነው፤ ሁሉንም ሞክሮ መጨረስ የጥቂት ጊዜ ሥራ ሆነ። ሒሳቡ አልተሰበረም፤ ዕጣው ነው የተበላሸው።

ይህ ታሪክ ለተከላ ሥራ ቀጥተኛ ትምህርት አለው። ሰርቨሮችም ማንነታቸውን የሚያስመሰክሩበት የራሳቸው ጥንድ ቁልፍ አላቸው። ብዙ ባለሙያዎች አንድ ኮምፒዩተር አስተካክለው ከተከሉ በኋላ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወደ ሌሎቹ ይገለብጣሉ። ዘዴው ፈጣን ነው። ነገር ግን የሰርቨሩም የግል ቁልፍ አብሮ ይገለበጣል፤ አርባው ማሽን አንድ ማንነት ይዞ ይነሣል፤ የአንዱን ዲስክ የሰረቀ የሁሉንም ማኅተም ሰረቀ። በፋይል መትከል ከግልበጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ዕጣ ያወጣል። መገልበጥ ግድ ከሆነ ቁልፎቹ ከመገልበጡ በፊት ይሰረዙ፤ ማሽኑም ሲነሣ አዲስ መሥራቱ ይረጋገጥ።

ሲሰረቅ

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ሰርቨሩ ተዘርፎ ቢሄድ ዘራፊው በዲስኩ ላይ የሚያገኘው የእኛን ይፋዊ ቁልፍ ነው፤ በእርሱ ወደ ሌሎቹ ሰርቨሮቻችን መግባት አይችልም። በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የተማሪ ውጤትና የሠራተኛ ማኅደር ቀድሞ ካልተመሰጠረ በእጁ ገብቷል። የመልሶቹ ፋይልም ሥርዓቱን እንጂ መረጃውን አይመልስም። መረጃው የራሱ መጠባበቂያ ቅጂ ያስፈልገዋል፤ ያ ቅጂ በእርግጥ ምሥጢር ነውና ተመስጥሮ ይቀመጥ።

የተሰረቀው የባለሙያው ላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ ይከፋል፤ ማኅተሙ ራሱ ነው የሄደው። የይለፍ ሐረጉ ጊዜ ይገዛልናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከእያንዳንዱ ሰርቨር ላይ የዚያን ሰው ይፋዊ ቁልፍ፣ ማለትም አንዲት መስመር፣ እንሰርዛለን። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው አንሲብል የተባለው ፕሮግራም በዚሁ በኤስ ኤስ ኤች በኩል ለአርባ ማሽኖች አንድ ትእዛዝ ስለሚያስተላልፍ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ይህ የሚሆነው ግን ሁለተኛ ሰው የራሱ ቁልፍ በሰርቨሮቹ ላይ ካለው ነው። አንድ ቁልፍ ለሁሉም ሠራተኛ ማደል ይቀላል፤ ሲጠፋ ግን የሁሉንም መግቢያ መዝጋት ያስከትላል። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱ ቁልፍ ይሰጠው፤ ከባለሙያዎቹም ሌላ አንድ የመጠባበቂያ ቁልፍ ተሠርቶ ከኔትወርክ ውጭ በካዝና ይቀመጥ።

ቅጂዎቹ የት ይቀመጡ? ወልድያና መርሳ በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ያሉ ጎረቤታሞች ናቸው። ለተቃጠለ ዲስክ ወይም ለጎርፍ ሁለተኛ ቅጂ በመርሳ ማኖር ይበቃል። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. እንደሆነው ላለ ጊዜ ግን አይበቃም፤ ሦስተኛው ቅጂ ከሰሜን ወሎ ውጭ መሆን አለበት። ፋይሉ ጥቂት ኪሎባይት ብቻ ስለሆነና ምሥጢርም ስለሌለበት ሌላ ዩኒቨርሲቲ ያለን ባልደረባ እንዲያስቀምጥልን መጠየቅ አያሳፍርም።

ዘዴውን ለመሞከር አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ስዊችና ሁለት የኔትወርክ ገመድ ይበቃሉ። ዲስኩ ይጠረግ፤ ሰዓት ይያዝ፤ ፋይሉን ያልጻፈው ባለሙያ ብቻውን ይትከለው። የጻፈው ሰው ስልክ ሲደወልለት የሚመልሰው እያንዳንዱ ጥያቄ ገና በፋይሉ ውስጥ ያልገባ መስመር ነው፤ ያኔውኑ ተጽፎ ይጨመርበት።